የጠጣሁት ናሙና

ሰኞ ማታ

ይህን ደብተር የገዛሁት ወተት የሚያመጡልን ሰዎች የሚመጡበትን ሰዓት ልጽፍበት ነበር። ዛሬ ግን ለሰው የማይነገር ነገር ሠራሁ። ሳልናገር ካደርኩ ደግሞ ሆዴ ይፈነዳል። ስለዚህ ደብተሬ፣ ወተቱን ተወውና ይህን ስማ።

እናትን አጠብኳት።

እናት የምንላት የእርጎ ቤታችንን እርሾ ነው። አማቴ ገና ሙሽራ ሳሉ ያስጀመሯት ናት። ጠዋት ጠዋት አንድ ጭልፋ ከእሷ ተቀድቶ ወተቱ ላይ ይጨመራል፣ በተቀዳው ልክ ትኩስ ወተት ትጠጣለች፣ በቀዝቃዛው ክፍል ጥግ በራሷ ማሰሮ ትኖራለች። ማሰሮዋ አትታጠብም። በዚህ ቤት የሚታለፍ ሕግ ሞልቷል። ባሌ ጫማውን ሳያወልቅ ይገባል፣ እኔ ሥራ ላይ እዘፍናለሁ። ማሰሮዋን ማጠብ ግን በሕልምም አይደረግም።

ታዲያ ምን ነካኝ? የምግብ ተቆጣጣሪዎች ሰፈሩን እየዞሩ ነው ተባለ። ባለ ዳቦ ቤቱ "ግድግዳውን በጣታቸው አሸት ያደርጉና ጣታቸውን ያዩታል" አለኝ። እኔ ደግሞ ጽዳት ላይ ከተነሳሁ መመለሻ የለኝም። እርጎው በሙሉ ተሸጦ መደርደሪያው ባዶ ሲሆንልኝ ጊዜ ወለሉን፣ ግድግዳውን፣ ባልዲውን፣ ጭልፋውን በፈላ ውሃና በበረኪና እያጠብኩ ሄድኩ። እየዘፈንኩም ነበር። ዘወር ስል ማሰሮዋ ከባልዲዎቹ ጋር ተደፍታ ታንጠባጥባለች። ዕድሜ ልኳን ጥቁር ስትመስለን የኖረችው ማሰሮ ቀይ ሸክላ ናት ለካ።

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። ከእሷ የተሠራ አንድ ብርጭቆ እርጎ እንኳ ቢተርፍ እሱ ራሱ እርሾ ይሆን ነበር። ግን ሁሉም ተሸጧል። ገዢዎቹን በየቤታቸው እየዞርኩ "የበላችሁትን መልሱ" አልል ነገር።

አንድ ቦታ ብቻ ቀረኝ። ማዶዋ። ከመንገዱ ወዲያ እርጎ ቤት የከፈተች ሴትዮ ናት። እኔ ሳላገባ በፊት አማቴ ዘንድ ትሠራ ነበር፣ ከዚያ ተጣሉ። በምን እንደተጣሉ ማንም አይነግረኝም። አማቴ ስሟን አይጠሩም፣ በእሷ በኩል ያለውን መስኮት እንኳ አይከፍቱም። ሻርፕ ተከናንቤ፣ የባሌን ጥቁር መነጽር አድርጌ ሄድኩ።

"ዛሬ ምን እግር ጣለሽ?" አለችኝ፣ ገና በሩ ላይ።

"አንድ ብርጭቆ እርጎ... ለድመት ነው።"

"አይ፣ ድመታችሁ ደህናውን ታውቃለች።"

ድመት የለንም። ወተት አሞቅኩ፣ እርጎዋን ጨመርኩ፣ ማሰሮዋን በጥላሸት አጠቆርኩ፣ ከቦታዋ መለስኳት። ይህን ሁሉ ያደረግኩት ለአማቴ አዝኜ አይደለም። ሰላሜን ስለምወድ ነው።

ማክሰኞ

አጭር ነው፣ ወተት ደርሷል። አማቴ ጠዋት እንደ ልማዳቸው ወደ ማሰሮዋ ጎንበስ ብለው "እንደምን አደርሽ እናት" አሉ። እኔ ባልዲ ይዤ ደርቄ ቀረሁ። ከዚያ እርጎውን ቀመሱ። ደግመው ቀመሱ።

"አሁን ገና እጅሽ ጣፈጠ" አሉኝ።

አርጅተዋል። ምላሳቸውም አርጅቷል ማለት ነው። ደስ ሊለኝ ሲገባ ለምን ከፋኝ?

ሐሙስ፣ ከሰዓት

መጡ። ሄዱ። ቀዝቃዛው ክፍል ታሽጓል። ናሙናውን ጠጣሁት። በኋላ እጽፈዋለሁ።

ሐሙስ ማታ

እንግዲህ ከሥሩ ልጀምር፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና።

ሁለት ነበሩ። አንዷ ወፍራም መነጽር ያደረገች፣ የረጋች ሴት። ሌላው ቀዝቃዛ ሳጥን የተሸከመ፣ ቁመቱ በሩን የሚነካ ሰውዬ። መታወቂያቸውን አሳዩ፣ ጓንት አደረጉ። ባለመነጽሯ ወለሉን አየች፣ መደርደሪያውን አየች፣ ግድግዳውን በጣቷ አሸት አድርጋ ጣቷን አየችው (ባለ ዳቦ ቤቱ አልዋሸም)።

"ቤቱ በጣም ንጹሕ ነው" አለች።

ልቤ በደስታ ቀጥ ሊል ደረሰ። እዚያ ላይ ቢሄዱ ኖሮ ዛሬ ዘፍኜ እተኛ ነበር።

"አሁን ናሙና እንወስዳለን" አለች። "ከእርጎውም፣ ከእርሾውም።"

"ከእርሾው ደግሞ ለምን?"

"ላብራቶሪ ገብቶ ውስጡ ያለው ይታያል። ውጤቱ በጽሑፍ ለባለፈቃዷ ይላካል።"

ባለፈቃዷ አማቴ ናቸው። ወረቀቱ በዓይኔ ላይ መጣ። ማኅተም አለው፣ ከማኅተሙ በላይ "እርሾው የማዶዋ ሆኖ ተገኝቷል" ይላል፣ አማቴም መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው ያነቡታል። ክው አልኩ።

"ቁልፉን ባሌ ይዞት ወጥቷል" አልኩ። ቁልፉ ጡት መያዣዬ ውስጥ ነበር። በዚያችው ቅጽበት ባሌ በጓሮ በር ብቅ አለ። ከተጋባን ጀምሮ በእንግዳ ፊት ትንፍሽ ብሎ የማያውቅ ሰው ዛሬ አፉ ተፈታለትና "ቁልፉ እኮ አንቺው ጋ ነው" አለኝ። ደግሞ የት እንደማስቀምጠው ሊያሳይ እጁን አነሳ።

በሩ ላይ ሄጄ ቆምኩ።

"እመቤቴ" አለች ባለመነጽሯ፣ ሳትቆጣ። "ናሙና እንዳይወሰድ መከልከል በሕግ ያስጠይቃል። እያወቁት ቢሆን ይሻላል።"

"ማን ከለከለ? ደክሞኝ ተደግፌ ነው።"

እኛ ይህን ስንባባል ረዥሙ ሰውዬ ለካ ሥራውን ይሠራል። ከመሸጫው ፍሪጅ እርጎ ወስዶ ጠርሙስ ውስጥ ሞልቷል፣ ሊከድነው ነው። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይኼኔ ነው። ጠርሙሱን ከእጁ ወሰድኩና ጠጣሁት። እስከ መጨረሻው። ቀና ብዬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ።

አፌን በእጄ ጠረግኩ።

"እመቤቴ፣ ያ የመንግሥት ጠርሙስ ነው" አለ ረዥሙ ሰውዬ። ቀኑን ሙሉ የተናገረው ይህን ብቻ ነው።

አፈርኩ። በጣም አፈርኩ። ምን እንደማደርግ ስላጣሁ ጠርሙሱን አጥቤ መለስኩለት። ዛሬም ማጠብ! እኔን የሚያጠፋኝ ማጠብ ነው።

ባለመነጽሯ የሆነውን ሁሉ ጻፈች፣ አስፈረመችኝ፣ የቀዝቃዛውን ክፍል በር አሸገች። አማቴ ከዕድር ሲመለሱ ወረቀቱን በሩ ላይ አዩት።

"ምን አደረግሽ?"

"ጠምቶኝ... ናሙናውን ጠጣሁት።"

"ከእርጎ ቤት ወጥተሽ ሳታውቂ፣ እርጎ ጠማሽ?"

ከሁሉ የከበዳቸው ግን ማሸጊያው አልነበረም። "እናትን ነገ ማን ያጠጣታል?" እያሉ በሩን በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ ያደርጉ ነበር።

ዓርብ

ወሬ እግር አለው። ጠዋት በሱቃችን በር የሚያልፍ ሁሉ ቀስ ይላል። አንዲት ደንበኛችን ለጓደኛዋ "ናሙና የሚከለክል ሰው ምን ቢኖረው ነው?" ስትል ሰማኋት። የኛን እርጎ እየበላች ሁለት ልጅ ያሳደገች ሴት ናት። ሮጬ ወጥቼ "ምንም የለውም! ንጹሕ ነው!" ብላት ደስ ባለኝ። ታዲያ ለምን ከለከልሽ ብትለኝስ?

ማዶዋም በሯ ላይ ቆማለች። "ድመቷ እንዴት ናት?" ብላ ጮኸችብኝ። አማቴ አጠገቤ ነበሩ።

"የምን ድመት?" አሉ።

"እብድ ናት፣ እማማ።"

ማታ ጠበቃ መጣልን። የባሌ የአክስት ልጅ ነው። ከአፉ የሕግ አንቀጽ ስለማይጠፋ ዘመድ አዝማዱ "አንቀጽ" ነው የሚለው። ተቀመጠ፣ ለሱ ብለን ካቀረብነው ዳቦ ግማሹን ጨረሰ፣ ከዚያ ጠየቀኝ።

"እትዬ፣ ለምን ጠጣሽው?"

"ጠምቶኝ።"

"ጥም የሚል መከላከያ በየትኛውም አንቀጽ የለም" አለ። ከዚያ ዳቦውን አስቀመጠና ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ሕጉ እርጎው ተበላሽቷል ወይ ብሎ ብቻ አይጠይቅም። በሩን ዘጋሽ ወይ ብሎም ይጠይቃል። እርጎሽ ማር ሆኖ ቢገኝ እንኳ መከልከሉ ለብቻው ጥፋት ነው። ናሙናውን መጠጣቱ ደግሞ ሌላ። ቅጣቱ ከገንዘብ እስከ እስራት ይሄዳል፣ የእማማም ፈቃድ ሊሰረዝ ይችላል።

"የእሳቸው? እሳቸው ምን አደረጉ?"

"ፈቃዱ በሳቸው ስም ነው፣ በሩን የዘጋሽው ደግሞ የሳቸው ሠራተኛ ሆነሽ ነው።"

ይህ ቤት ከተዘጋ አማቴ ጠዋት ተነስተው ወዴት ይሄዳሉ? ማንን እንደምን አደርሽ ይላሉ? እኔ መቼም ስለሥራው ብዬ ነው የምጨነቀው።

ሰኞ

ባለመነጽሯ ከፖሊስና ከፍርድ ቤት ትእዛዝ ጋር ተመልሳ መጣች። ቁልፉን አስቀድሜ ጠረጴዛው ላይ አኑሬው ነበር። ማሸጊያው ተነሳ፣ ከእርጎውም ከእርሾውም ናሙና ተወሰደ። ረዥሙ ሰውዬ ሙሉ በሙሉ ጀርባውን ለእኔ ሰጥቶ ነው የቀዳው። ጠርሙሱንም እስኪከድን ድረስ በክንዱ ከልሎታል።

ውሳኔ እስኪሰጥ መሸጥ ተከልክለናል። ለሰው በነጻ መስጠትም አይቻልም። ማሰሮዋ ግን ወደ ቤት እንድትሄድ ተፈቀደ። አማቴ እንደ አራስ ልጅ አቅፈው በአሮጌዋ ፒክአፕ ወሰዷት።

ረቡዕ

እናት ካልተቀዳች ትኮመጥጣለች፣ ስለዚህ በየቀኑ ትቀዳለች። የተቀዳው ደግሞ እርጎ ይሆናል፣ የማይሸጥ እርጎ ደግሞ ይበላል። ቁርስ እርጎ። ምሳ እርጎ። ባሌ ቀበቶውን አንድ ቀዳዳ ለቀቀው። ዛሬ ማታ ሳህኑን ትክ ብሎ አየና "ይሄም ናሙና ነው?" አለኝ። ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። ከዚያ ጉዳይ ወዲህ ይህ ሰውዬ ወሬ ለምዷል፣ ቀልድም ጀምሯል። ለአሥራ ምናምን ዓመት የት ደብቆት ነበር?

አማቴ በየጠዋቱ "እንደምን አደርሽ እናት" ይላሉ። ለሌላ ሰው እናት። እኔ ትራሴን በጆሮዬ ላይ አደርጋለሁ።

ቅዳሜ

ዛሬ ልነግራቸው ወሰንኩ። አንድ ጊዜ ተናግሬው ይለቅልኝ።

"እማማ፣ ስለ ማሰሮዋ..."

"ሙቀቱ በዛባት አይደል? እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጊባት።"

ጨርቅ ጣል አደረግኩባት።

ከምሳ በኋላ ደግሞ ሞከርኩ። "እማማ፣ አንድ ሰው ሳያስበው ነገር ቢያጠፋ..."

"ባልሽ ነው? ምን አጠፋ?" ብለው ተነሱ። ምስኪን ባሌ ያላጠፋውን ይቅርታ ጠየቀ። የትኛውን ጥፋት እንዳወቁበት ስላልገባው ስለ ሁሉም ይቅርታ ጠየቀ። ስለ ሰበረው የፒክአፗ መብራትም ሰማን።

ማታ ላይ ከጎኔ ተቀምጠው ጫፍ ጫፉ የተሰነጠቀውን እጄን አዩና ቅባት ቀቡኝ። "በረኪና ትወጃለሽ" አሉ። "ዘንድሮ እጅሽ ጨርሶ ሊያልቅ ነው።" ያኔ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። አፍ የተሰጠኝ ለመዝፈን ብቻ ነው እንዴ?

ማክሰኞ፣ ውጤት የመጣ ለት

ንጹሕ! ንጹሕ! ንጹሕ! እርጎውም እርሾውም! ባለመነጽሯ ራሷ ይዛው መጣች። አማቴ ወረቀቱን ከመስመር እስከ መስመር ሲያነቡ እኔ ከጀርባቸው ቆሜ እያላበኝ ነበር። ስለ ማዶዋ አንድም ቃል የለም። የጀርም ስምና "አልተገኘም" የሚል ብቻ። አልተገኘም፣ አልተገኘም፣ አልተገኘም። ይህን ያህል የሚያምር ቃል መኖሩን አላውቅም ነበር። ባሌን ይዤ በወጥ ቤቱ ዞርኩ።

"እንግዲያው ክሱ ቀረ!" አልኳት።

"ክሱ ይቀጥላል" አለች ባለመነጽሯ፣ እንዳዘነች ሁሉ። "ለዚህ ውጤት ነበር የመጣነው እኮ፣ እመቤቴ። ያን ቀን ቢፈቅዱልን ኖሮ እስካሁን ይሸጡ ነበር።"

እንዲህ በደግነት ከምትነግረኝ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ

ለአንቀጽ ሁሉንም ነገርኩት። ማሰሮዋን፣ በረኪናውን፣ ጥላሸቱን፣ ድመቷን። በመጀመሪያ አላመነኝም። ከዚያ ሳቀ፣ ሳቀ፣ እንባውን ጠረገ። "እትዬ፣ ላብራቶሪ የጀርም ስም ይጽፋል እንጂ የእርሾ የዘር ሐረግ አይቆጥርም" አለኝ።

"አሁን አወቅኩ።"

ከዚያ ፊቱን ቋጠረ። "ይህንን ችሎት ላይ መናገር አለብሽ።"

"እሞታለሁ እንጂ! አማቴ ይመጣሉ እኮ፣ ባለፈቃድ ናቸው።"

"እንግዲያው ስሚኝ። ምክንያት ካልሰጠሻት ዳኛዋ ራሷ ምክንያት ትፈልግልሻለች። አንድ ሰው ናሙና የሚጠጣው ምን ሊደብቅ ነው? መርዝ ነው የሚታያት። ዝም ካልሽ ፈቃዱ ሊሰረዝ ይችላል። ከተናገርሽ ቤቱ ይተርፋል።"

ዝም ካልኩ አማቴ ቤታቸውን ያጣሉ። ከተናገርኩ እናታቸውን። ከእሳት ወደ ረመጥ የሚሉት ይህን ነው።

እሑድ

ነገ ነው። ባሌ ሸሚዙን ራሱ ተኮሰ፣ የኔንም ቀሚስ ተኮሰልኝ፣ ሁለቱንም አሳረረ። አማቴ "ወንድ ልጅ ብረት አይያዝ" እያሉ የተቃጠለውን ቦታ ሰፉት። ሁላችንም ብዙ ሳቅን፣ ከወትሮው የበዛ ሳቅ።

እየጻፍኩ አያቸዋለሁ፣ ማሰሮዋ አጠገብ ተቀምጠው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ምን ብዬ እጀምራለሁ?

ሰኞ፣ ከፍርድ ቤት መልስ

ከየት ልጀምር?

ችሎቱ ሞልቶ ነበር። ደንበኞቻችን መጥተዋል፣ ባለ ዳቦ ቤቱ መጥቷል። ከኋላው ወንበር ላይ ደግሞ ማዶዋ፣ እንደ ሠርግ ለብሳ። አማቴ ከፊት ተቀምጠው ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመዋል። ዐቃቤ ሕጉ ክሱን አነበበ። "ቁልፉ የለም በማለት፣ በበሩ ላይ በመደገፍ፣ እንዲሁም በተቆጣጣሪዎች የተወሰደውን ናሙና በአንድ ትንፋሽ በመጠጣት..." ሰው ሳቀ። ባለመነጽሯ በምስክርነት ቀረበች። አንድም ነገር አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም። "ጠርሙሱን አጥባ መልሳለች" ማለቷንም አልረሳችም፣ ያን ለኔ ብላ ያለችው መሰለኝ።

"ድርጊቱን ፈጽመዋል?" አሉኝ ዳኛዋ።

"ፈጽሜያለሁ።"

"ለምን?"

ወደ ኋላ አየሁ። አማቴ በዓይናቸው "በርቺ" አሉኝ። በርቺ! እንዲህ ባይሉኝ ኖሮ እዋሽ ነበር።

"ማሰሮዋን አጥቤያት ነው" አልኩ። ከዚያ አፌን የሚይዘው ጠፋ። ስለ በረኪናው፣ ስለ ሸክላው ቀይነት፣ እማማ በየጠዋቱ እንደምን አደርሽ ስለሚሏት፣ በሕይወታቸው ካለ ሰው ሁሉ ቀድመው ስለሚያውቋት። "ውጤቱን አንብበው እንዳያዝኑ ብዬ ነው። ሌላ ምንም አልነበረበትም፣ ክብርት ዳኛ።"

አንቀጽ እንኳ አንቀጽ አልጠቀሰም።

"የተተካው እርሾ ከየት መጣ?" አሉ ዳኛዋ። "ይህ የጤና ጉዳይ ስለሆነ ነው።"

"ከ... ከማዶዋ።"

ምርኩዝ መሬት ሲመታ ሰማሁ።

"ከማን?" አሉ አማቴ፣ ቆመዋል።

"ከማዶዋ፣ እማማ። ለድመት ነው ብዬ ገዝቼ።"

ዓይኔን ጨፈንኩ። ጩኸት ጠበቅኩ። የሰማሁት ግን ሳቅ ነው። አማቴ ምርኩዛቸውን ጥለው፣ ወንበሩን ይዘው፣ እስኪያንቃቸው ይስቃሉ።

"የኔው ናታ!" አሉ። "የኔው እናት ናታ! ይህቺ ሌባ ከቤቴ ስትወጣ አንድ ጭልፋ ቀድታ፣ በሻርፕ ሸፍና ይዛት አልወጣችም? ለሱ አይደለም እንዴ ዓይኗን ላላይ የማልኩት! ያውም የጥንቷን!" ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺ እኮ ወተት ስታበዢባት ጣዕሟ ጠፍቶ ነበር፣ እኔማ ምን አግኝታ ተመለሰች እያልኩ ስገረም ነበር!"

"አንድ ጭልፋ ብቻ ናት!" አለች ማዶዋ ከኋላ፣ እሷም ቆማ። "ስንት ዓመት ሙሉ በአንድ ጭልፋ ይኮረፋል እንዴ፣ እትዬ?"

"ጸጥታ!" አሉ ዳኛዋ። "ይህ የእርጎ ችሎት አይደለም። ሁለታችሁም ተቀመጡ።" ግን ወረቀቱን አፋቸው ላይ ሲያደርጉት አይቻለሁ።

ከዕረፍት በኋላ ውሳኔው ተነበበ። ጥፋተኛ ነኝ። ገንዘብ እቀጣለሁ፣ እስራቱ በገደብ ሆነልኝ፣ ሥልጠና እወስዳለሁ። ፈቃዱ አልተሰረዘም፣ ከሥልጠናዬ በኋላ መሸጥ ይፈቀድልናል። ዳኛዋ ወረቀቱን ካጠፉ በኋላ እኔን አዩኝ። "ምክንያትዎን ሰምተናል፣ ልብ ይነካል" አሉ። "በሩን ግን ዘግተዋል። ተቆጣጣሪዋ የመጣችው የቤተሰብ ገመና ልታወጣ አልነበረም፣ የማታውቀው ልጅ በልቶ እንዳይታመም ነው። በገደቡ ጊዜ ሌላ ጠርሙስ ቢጠጡ ይታሰራሉ።"

ልክ ናቸው። ያቺ ሁለት ልጅ ያሳደገች ደንበኛችን ከፊቴ ነበረች፣ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። በደጅ ግን መጥታ አቀፈችኝ።

በፒክአፗ ስንመለስ አማቴ በመካከላችን ተቀመጡ።

"እኔ እንዳላዝን ብለሽ ልትታሰሪ ነበር?" አሉኝ።

"ሰላሜን ስለምወድ ነው" አልኳቸው።

እስከ ቤት ድረስ እጄን ይዘው ሄዱ። ፀሐይ ፊት ለፊት ስለነበረች ዓይኔ ብዙ አነባ። የባሌም እንዲሁ፣ መኪናውን የሚነዳው ደግሞ እሱ ነው።

ረቡዕ

ሥልጠና ላይ ነኝ። ፊት ለፊት የቆመችው አሠልጣኝ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ባለመነጽሯ። "ናሙና እንዴት ይወሰዳል" የሚለውን ስታስተምር ምሳሌ ፈልጋ አየችኝ፣ ከዚያ ራርታ ተወችኝ። ሌላው ሠልጣኝ ሁሉ ግን ማን እንደሆንኩ ያውቃል። በሻይ ሰዓት ጠርሙስ ውሃ የያዘ ሁሉ ከኔ ያርቀዋል።

ዓርብ፣ የተከፈትንበት ቀን

ተከፈትን! ከማለዳ ጀምሮ ሰልፍ ነበር። ግማሹ እርጎ ሊገዛ፣ ግማሹ እኔን ሊያይ። ይሁን፣ ሁሉም ገዝቶ ሄዷል።

ረፋዱ ላይ ባለመነጽሯና ረዥሙ ሰውዬ መጡ። ሳያንኳኩ በሩን ከፈትኩላቸው። የቀዝቃዛውንም ክፍል ከፈትኩ፣ የማሰሮዋንም ክዳን አነሳሁ።

"ዛሬ አልጠማዎትም?" አለ ረዥሙ ሰውዬ። እሱም መናገር ጀምሯል። ይህ ቤት ዝምተኛ አይበረክትለትም።

"ጠጥቼ ነው የጠበቅኳችሁ" አልኩት።

ቀዱ፣ ከደኑ፣ ፈረምኩ፣ ሄዱ። ይህን ያህል ነው ነገሩ። ለዚህ ነበር ያ ሁሉ ጣጣ።

እነሱ ሲወጡ አማቴ ጭልፋ ጠየቁኝ። ከማሰሮዋ ቀዱ፣ በንጹሕ ሳህን ሞሉት፣ ክዳን አደረጉለት። ከዚያ ሄደው ያንን ስንት ዓመት ያልተከፈተ መስኮት ገፉት። አልንቀሳቀስ አለ፣ ባሌ መጥቶ በትከሻው ገፋው። ማዶዋ ከመንገዱ ወዲያ በሯን እየጠረገች ነበር፣ ቀና አለች።

"ውሰጂላት" አሉኝ አማቴ፣ ሳህኑን እየሰጡኝ።

"ለማዶዋ? እሷ እኮ አላት፣ እማማ።"

"ሂጂ ስጫት ነው የምልሽ። ከእኛ ጋ ብቻ ካስቀመጥናት አንቺ አንድ ቀን ደግሞ ታጥቢያታለሽ።"